ቡናውና ጨፌው
በጅማና በአካባቢው የቡና ከተሞች ስለሚገኘው የሸለቆ ሣር ምድር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ቡና በሚፈላበት ቤት አስቀድሞ ወለሉ ይጠረጋል፤ ቀጥሎ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱም የሚቀመጠው በቄጠማው ላይ ነው። ይህ ልማድ በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም፣ በበደሌና በመቱም የታወቀ ነው። ስለ ቡናው ብዙ ተጽፏል፤ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞለታል፤ ዋጋው ከከተማ እስከ ገጠር በየዕለቱ ይጠየቃል። ከረከቦቱ ሥር ስለተነጠፈው ሣር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሣር ከየት ታጨደ? በምን ዓይነት መሬት ላይ በቀለ? ያ መሬትስ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ይህ ንግግር እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተከትሎ ይሄዳል። ጉዳዩ የዕፀዋት ሊቃውንትን ብቻ የሚመለከት መስሎ ቢታይም፣ በውስጡ የምንጭ ውሃ፣ የክረምት ረሃብ፣ የቡና ገበያና የከተማ ግንባታ ተያይዘው ይገኛሉ።

፩. ስሙና ሥፍራው

ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ውሃ የሚያርፍበትን ለምለም ሜዳ፣ እንዲሁም በዚያ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን ሣር ያመለክታል። በገዳ ሥርዓት የሕዝብ ጉባኤ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ይደረግ ስለነበር ጉባኤው ራሱ ጨፌ ተባለ፤ ዛሬም የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት «ጨፌ ኦሮሚያ» በሚል ስም ይጠራል። ሕዝብ የሚመክርበት ሥፍራ ስሙን ከሣር ሜዳ መውረሱ፣ ሜዳው በኑሮው ውስጥ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ያስረዳል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ታገኛለች፤ ወደ ምዕራብ ወደ መቱና ጎሬ ሲኬድ ዝናሙ ከዚህም ይበልጣል። አገሩ ክብ ክብ ኮረብታዎች የተደረደሩበት፣ በየኮረብታዎቹም መካከል ጠፍጣፋ ወለል ያላቸው ጠባብ ሸለቆዎች የተዘረጉበት ነው። ኮረብታው የቡናና የጥላ ዛፍ፣ የሸለቆው ወለል ደግሞ የጨፌ ሥፍራ ነው። ከእነዚህ ሸለቆዎች የሚወጣው ውሃ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ይሄዳል፤ የጅማው በግልገል ጊቤ በኩል ወደ ኦሞና ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ የአጋሮው በዴዴሳ በኩል ወደ ዓባይ፣ የመቱው በሶርና በገባ በኩል ወደ ባሮ ይፈስሳል። ስለዚህ በአንድ መንደር ግርጌ ያለ ጨፌ፣ መጠኑ ቢያንስም፣ የታላላቅ ወንዞች መነሻ ከሆኑት ሥፍራዎች አንዱ ነው።

በባሕር ዳርቻ የሚበቅሉ የሣር ምድሮች በማዕበልና በጨዋማ ነፋስ እንደሚቀረጹ ሁሉ፣ ከባሕር እጅግ የራቀው የጅማ ጨፌም በውሃ መምጣትና መሄድ የተቀረጸ ነው። ልዩነቱ በባሕር ዳርቻ ውሃው በየዕለቱ ሲመላለስ፣ በጨፌው ግን በዓመት አንድ ጊዜ መሙላቱና አንድ ጊዜ መጉደሉ ነው። በክረምት ሸለቆው ይሞላል፤ በበጋ ገጹ ይጠፈጥፋል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን ርጥበቱን ሳይለቅ ይከርማል።

፪. የዕፀዋቱ ማኅበር

አንድ ሰው ከቡናው ተዳፋት ተነሥቶ ወደ ሸለቆው መካከል ቢወርድ፣ በጥቂት መቶ እርምጃዎች ውስጥ ዕፀዋቱ ደጋግመው ሲለወጡ ያያል። በግርጌው፣ ውሃ በማይቆምበት ጠርዝ ላይ፣ ሰርዶና ማገጥ ይገኛሉ። ሰርዶ በሰኮና ቢረገጥም እንደገና የሚያንሠራራ ሣር ነው፤ ማገጥ ደግሞ ሥሩ ከአየር ናይትሮጅን ከሚሰበስቡ ረቂቃን ተሕዋስያን ጋር ተባብሮ ስለሚኖር መሬቱን ያዳብራል፤ ለከብትም ጥሩ መኖ ነው። ጥቂት ዝቅ ሲሉ ሣሩ ይረዝማል፤ በመካከሉም ልዩ ልዩ የቄጠማ ዓይነቶች ይታያሉ። ከዚያ በታች፣ እግር በሚሰጥምበት ሥፍራ፣ ዋናው ጨፌ ይነግሣል። ውሃው ዓመቱን ሙሉ በሚቆምበት ጥልቅ ቦታ ፊላ ይተካዋል፤ በወንዙ ዳር ደግሞ ለምንጣፍና ለመጥረጊያ የሚፈለገው ዘንባባ ይቆማል።

ዋናው ጨፌ በሳይንስ ስሙ ሲፔረስ ላቲፎሊየስ ይባላል። ሁለተኛው ቃል በላቲን «ባለ ሰፊ ቅጠል» ማለት ነው። በአነጋገር ሣር ቢባልም በዕፀዋት አመዳደብ ከሣር ወገን ሳይሆን ከቄጠማ ወገን ነው፤ ልዩነቱንም ማንም ሰው በጣቱ ሊለየው ይችላል። የሣር አገዳ ድቡልቡልና አንጓ ያለው ሲሆን፣ የቄጠማ አገዳ ግን በአብዛኛው ሦስት ማዕዘን ያለውና አንጓ የሌለው ነው። ጨፌ እስከ ሰው ቁመት ሊደርስ ይችላል። በጭቃው ውስጥ አግድም የሚሄድ የምድር ውስጥ ግንድ ስላለው፣ ላዩ ቢታጨድም ወይም ቢቃጠል ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። አንዱ ጉጦ ከሌላው ጋር እየተያያዘ ስለሚዘረጋም የሸለቆው ወለል እንደ ተሸመነ ምንጣፍ ይሆናል፤ የክረምት ጎርፍ የሸለቆውን አፈር ጠርጎ እንዳይወስድ የሚይዘው ይህ ምንጣፍ ነው።

ውሃ በተኛበት መሬት ውስጥ መኖር ለአብዛኞቹ ዕፀዋት ሞት ነው። ውሃው የአፈሩን ቀዳዳዎች ሲሞላ አየር ይጠፋል፤ ሥርም እንደ ማንኛውም ሕያው አካል መተንፈስ ስለሚፈልግ ታፍኖ ይበሰብሳል። ጨፌና ዘመዶቹ ግን በቅጠላቸውና በአገዳቸው ውስጥ ከላይ እስከ ሥር የሚወርድ የአየር መተላለፊያ አላቸው። በዚህ መንገድ የወረደው አየር ሥሩን ካጠገበ በኋላ ጥቂቱ ወደ ጭቃው ይወጣል። በጭቃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ብረትም ከዚህ አየር ጋር ሲገናኝ ይዝጋል። ከጨፌ የተነቀለ ሥር ቀላ ያለ ሽፋን የሚታይበት፣ በቦዮችም ላይ ዘይት የመሰለ ቀይ ቀለም የሚንሳፈፈው ከዚህ የተነሣ ነው።

አየር በሌለበት ሥፍራ የሞተ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። በየዓመቱ የሚወድቀው ቅጠልና የሚሞተው ሥር ካለፈው ዓመት ቅሪት ላይ እየተደራረበ፣ ከረጅም ዘመን በኋላ ጥቁርና ለስላሳ፣ ውሃ የሚመጥ አፈር ይፈጥራል። የጨፌው ምሥጢር ሁሉ በዚህ አፈር ውስጥ ነው። በክረምት ይጠጣል፤ በበጋ ቀስ እያለ ይለቅቃል። የገጠሩ ሕዝብ በጥርና በየካቲት ወር ሳይቀር ከምንጭ የሚቀዳው፣ ከብቱም ከወንዝ የሚጠጣው፣ ሸለቆው በሐምሌና በነሐሴ ያስቀመጠውን ውሃ ነው።

በዚህ ማኅበር ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትም ጥቂት አይደሉም። በራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ባለ ዘውድ ሽመላ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ረግረጎች ጎጆውን ይሠራል። ሳይንስ ሩዤቲየስ ሩዤቲ የሚላት ቡናማ የረግረግ ወፍ ደግሞ በዓለም ላይ የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ አገሮች ብቻ ነው። እንዲህ ያለች ወፍ መኖሪያዋ ከጠፋ የምትሰደድበት ሌላ አገር የላትም።

፫. ተዳፋቱና ሸለቆው

ጨፌን ከቡናው ነጥሎ መመልከት ስሕተት ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የሚበቅለው በዋንዛ፣ በብርብራ፣ በቢሳናና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። ዝናሙ በመጀመሪያ በዛፎቹ ቅጠል ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ በረገፈው ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፤ ከዚያም ሥሮች ባላሉት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የሰረገው ውሃ ከኮረብታው ግርጌ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣና ወደ ጨፌው ይገባል። ስለዚህ የጥላው ዛፍና ጨፌው ምንም እንኳ በመልክና በሥፍራ ቢለያዩ፣ በአንድ የውሃ መንገድ ላይ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች ናቸው።

የጥላው ዛፍ ተቆርጦ ተዳፋቱ ባዶውን ሲቀር ዝናሙ መስረጉን ትቶ ይሮጣል። ሲሮጥም አፈር ይዞ ይወርዳል። ጥቂት ደለል ለጨፌው ምግብ ነው፤ ብዙ ደለል ግን ይቀብረዋል። ከዚህም በላይ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ጎርፍ በሸለቆው መካከል ቦረቦር ይቆፍራል። ቦረቦር ማንም ሳይቆፍረው የተቆፈረ የውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ ስለሆነ፣ ጨፌው በሁለቱም በኩል እየደረቀ ይሄዳል። በመሆኑም ስለ ጨፌ ጥበቃ የሚነገር ማናቸውም ነገር ከተዳፋቱ መጀመር ይኖርበታል።

፬. ሣሩና ሰዉ

የአካባቢው ሕዝብ ጨፌን ለብዙ ነገር ሲጠቀምበት ኖሯል። ለቤት ክዳን ይታጨዳል፤ በሠርግና በበዓል ይጎዘጎዛል፤ ለቡና ሥርዓት ይነጠፋል። በቅዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን የሚያድሉት፣ ምእመናንም በራሳቸው ላይ የሚያስሩት ቄጠማ፣ ለኖኅ የደረሰችውን የሰላም ምልክት የሚያስታውስ ነው። በኢሬቻ በዓልም ሕዝቡ ወደ ውሃ ዳር የሚወርደው ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ነው። በጅማ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቡናውን በሣር ላይ ያፈላል። በበዓል ዋዜማ ሸክም ቄጠማ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ገንዘቡም ለእነርሱ ለጨውና ለዘይት፣ ለልጅ ደብተርና እርሳስ ይውላል።

በመጠን ማጨድ ጨፌውን አይጎዳውም። ረጅሙ ቅጠል ሲነሣ ከሥር ላሉት አነስተኛ ዕፀዋት ብርሃን ይደርሳቸዋል፤ ጨፌው ራሱም ከምድር ውስጥ ግንዱ ያቆጠቁጣል። የሚጎዳው መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ ከብት በብዛት ሲሰማራበት ነው። ሰኮና ለስላሳውን አፈር ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አይጠጣም፤ ጨፌውም እየሳሳ ሄዶ ሥፍራውን ለአጫጭር ሣሮች ይለቅቃል።

በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ለውጥ አለ። የቆርቆሮ ክዳን በገጠሩ እየተስፋፋ በሄደ መጠን የጨፌ ክዳን ተፈላጊነት ቀንሷል። ቆርቆሮ ከዝናምና ከእሳት የተሻለ መከላከያ ስለሆነ ገበሬውን በዚህ መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን ክዳኑ ዋጋ ሲያጣ ጨፌውም አንዱን ጠበቃውን አጥቷል። ቤቱን ለመክደን በየጊዜው ጨፌ የሚያስፈልገው ሰው፣ ጎረቤቱ ሸለቆውን ሲቆፍር ዝም አይልም ነበር፤ ዛሬ ግን የሚከራከርበት ምክንያት አንሷል።

፭. የሐምሌ ጥያቄ

ጨፌው የሚታረሰው በክፋት ወይም ባለማወቅ አይደለም። በቡና አገር የሚኖር ገበሬ ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው ከሚለቀምበት ከጥቅምት ጀምሮ ነው። በተዳፋቱ ላይ የዘራው በቆሎም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ጎተራው ባዶ፣ ኪሱም ባዶ ይሆናል። በሸለቆው ግን በጥርና በየካቲት ውሃው ሲጎድል ቦይ ቆፍሮ በቆሎ ቢዘራ፣ በሰኔና በሐምሌ እሸቱ ይደርስለታል። ልጆቹን ከክረምቱ የሚያሻግረው ይህ እሸት ነው። ይህን ሐቅ ሳያስቀድም ስለ ጨፌ ጥበቃ የሚናገር ሰው በገበሬው ዘንድ ሊደመጥ አይችልም፤ መደመጥም የለበትም።

ሸለቆን ማጠንፈፍ በደቡብ ምዕራብ አዲስ ነገር አይደለም። በኢሉባቦር ገበሬዎች ይህን ማድረግ ከጀመሩ ብዙ ትውልድ አልፏል። ተዳፋቱ በቡና እየተያዘ ሲሄድ የእህሉ እርሻ ወደ ሸለቆው መውረዱ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነ በኋላ የሸለቆ መሬትም የመደልደሉ ሥልጣን በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ ረሃብ በኋላ ከሰሜን ኢትዮጵያ 600,000 ያህል ሰዎች ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲሠፍሩ፣ ኢሉባቦርና ከፋ ከተቀባዮቹ መካከል ነበሩ። አፍ ሲበዛ የሚታረስ መሬት ይፈለጋል፤ ከዚያ በኋላም በተለያዩ ጊዜያት የምግብ እጥረትን ለማቃለል ረግረጎች እንዲታረሱ ገበሬው ተበረታቷል።

የታጠነፈፈ ጨፌ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ያበቅላል። ይህም በረጅም ዘመን የተከማቸው ጥቁር አፈር አየር ስላገኘና በውስጡ የተቆለፈው ምግብ በአንድ ጊዜ ስለሚለቀቅ ነው። ነገር ግን ይህ ከወለዱ ሳይሆን ከዋናው ገንዘብ ላይ እያነሡ እንደ መብላት ነው። አየር ያገኙት ረቂቃን ተሕዋስያን የአፈሩን ካርቦን ያቃጥሉታል፤ መሬቱ ዝቅ ይላል፤ ይጠጥራል፤ አንድ ጊዜ ፈጽሞ ከደረቀም እንደ ቀድሞው ውሃ አይመጥም። ያን ጊዜ ምርቱ ይወድቃል፤ በግርጌው ያሉት ምንጮችም ይደክማሉ። ገበሬው ተስፋ ቆርጦ ሲተወው ጨፌ ተመልሶ አይመጣም፤ ሥፍራውን ሰርዶና ሌላ የደረቅ መሬት ሣር ይዘው የከብት መዋያ ይሆናል። እርሻውንም ጨፌውንም ያጣ ሸለቆ ማለት ይህ ነው።

ሁሉም ሸለቆ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ አገሩ የሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ በተሳተፉበት የምርምር መርሐ ግብር የኢሉባቦር ረግረጎች ተጠንተው ነበር። ከጥናቱ ጎልቶ የወጣው ነገር የገበሬዎቹ የራሳቸው ዕውቀት ነው። ልምድ ያለው ገበሬ የሸለቆውን ራስ፣ ማለትም ምንጩ የሚወጣበትን የላይኛውን ክፍል፣ አይነካም። ቦዩን ከሚገባው በላይ አያጠልቅም። እሸቱ ከተነሣ በኋላ ቦዩን ዘግቶ ውሃው እንዲመለስ ያደርጋል። መሬቱ ሲደክምም ጨፌው እንዲያገግም ያሳርፈዋል። የመሬቱን ጤንነት የሚያነበውም በበቀለበት ተክል ነው፤ ጨፌ ካለ ውሃው አለ፤ የደረቅ መሬት ሣር ከገባ ጊዜው አልፏል ይላል።

ይህን ሥራ አንድ ገበሬ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። የላይኛው ሰው ቦዩን ካልከፈተ የታችኛው አይደርቅለትም፤ የታችኛው ካልዘጋ የላይኛው አይሞላለትም። ስለዚህ በብዙ የኢሉባቦር ሸለቆዎች «አባ ለጋ» የሚባል፣ ተጠቃሚዎቹ የመረጡት ሰው ነበረ። ለጋ ማለት ወንዝ ነው። አባ ለጋ የቦይ ቆፈራውን ቀን ይወስናል፤ ከብትና አውሬ የሚጠበቅበትን ተራ ያወጣል፤ ከሥራ የቀረውን ይቀጣል። መሬቱ በየጊዜው ሲደለደልና አስተዳደሩ ሲለዋወጥ ይህ ሥርዓት በብዙ ሥፍራ ሥልጣኑ ደክሟል። ሥርዓቱ በደከመበት ሸለቆ ውሃውም አብሮ መድከሙ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚነሣ አንድ አስተሳሰብ አለ፤ ይኸውም ረግረግ ሲደርቅ ወባ ይጠፋል የሚለው ነው። ነገሩ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የወባ ትንኝ ዕጭ የበቆሎ ብናኝ ወደ ትናንሽ ኩሬዎች ሲረግፍ ያንን እየተመገበ ይፋፋል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለውን ጨፌ አንሥቶ ቦይና ኩሬ የበዛበት የበቆሎ ማሳ መተካት በሽታውን ላያስወግደው፣ እንዲያውም ሊያግዘው ይችላል።

፮. ከቡናው የሚመጣው

ጨፌን የሚጎዳው ማረሻ ብቻ አይደለም። ቡናውም ራሱ በእሸቱ ሲታጠብ የሚተወው ነገር አለ። እሸት ቡና ሲፈለፈል ቀዩ ገለባና ፍሬውን የሸፈነው ዝልግልግ ፈሳሽ ከውሃ ጋር ይወጣል። ይህ ፍሳሽ ስኳርና አሲድ የበዛበት ስለሆነ፣ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ረቂቃን ተሕዋስያን ይረባረቡበትና በውሃው ውስጥ የነበረውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። ዓሣውና የውሃ ነፍሳቱ ታፍነው ይሞታሉ፤ ውሃውም ይሸታል። መከራውን የሚያከብደው ወቅቱ ነው፤ የቡናው ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ የሚበዛባቸው ክረምቱ አልፎ ወንዞቹ በሚቀንሱበት ጊዜ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጣቢያዎች በታች ያሉ ወንዞችን መርምረው ይህንን ጉዳት በጽሑፍ አስመስክረዋል።

ጨፌ እንዲህ ያለውን ፍሳሽ በመጠኑ ማጣራት ይችላል። ውሃው በአገዳዎቹ መካከል ሲዘገይ ዝቃጩ ይወርዳል፤ ምግቡን ዕፀዋቱ ይወስዱታል፤ ቀሪውን በሥሮቹ ዙሪያ ያሉ ተሕዋስያን ይፈጩታል። ነገር ግን ማጥለያ ሁሉ ልክ አለው። ከልክ በላይ ሲጫን ማኅበሩ ይለወጣል፤ ብዙ ዓይነት ዕፀዋት የነበሩበት ሥፍራ ቆሻሻ የሚስማማው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ የሚነግሡበት ይሆናል። በአንዳንድ ጣቢያዎች ፍሳሹ ወደ ወንዝ ከመግባቱ በፊት በጉድጓድ እንዲያርፍና በቬቲቨር ሣር ውስጥ እንዲያልፍ መሞከሩ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው፤ ገለባውንም ወደ ማዳበሪያ መለወጥ ይቻላል።

፯. ከተማው ሲመጣ

በጅማ ከተማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ይሆናል። ከተማውን አቋርጦ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ የሕዝቡን እጣቢና ቆሻሻ ይዞ ወደዚሁ አቅጣጫ ይወርዳል። በከተማው ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ለሸክላ ጡብ ሲባል ጭቃው ይቆፈራል፤ ባሕር ዛፍም በጠርዙና በመካከሉ ይተከላል፤ ከብት ይሰማራበታል፤ ቆሻሻ ይጣልበታል። ጡቡ ቤት ይሠራል፤ ባሕር ዛፉ ለባለቤቱ ገንዘብ ያመጣል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ ሲደመር ግን ሥፍራውን ያጠፋዋል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ረግረግን ለማድረቅ የታወቀ ዛፍ ነው፤ ለጡብ የተቆፈረ ጉድጓድም ውሃ ቢሞላ እንኳ፣ የጨፌው የምድር ውስጥ ግንድ ከጭቃው ጋር ተጭኖ ስለሄደ ሣሩ ተመልሶ አይበቅልበትም።

ይህ የአንድ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የግልገል ጊቤ ግድብ 184 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲያመነጭ የተሠራ ሲሆን፣ ውሃው የሚመጣው ከእነዚሁ ሸለቆዎች ነው። በላይ ያለው ጨፌ ደለሉን ካልያዘ ደለሉ ማረፊያ የሚያደርገው የግድቡን ሐይቅ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የሐረማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መድረቁ፣ በኋላ ጥቂት ውሃ ቢመለስበትም፣ ውሃ የማያልቅ ሀብት እንዳልሆነ ለአገሪቱ ሁሉ ያስተማረ ነው። በጎረቤት አፍሪካም ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1995 ብሔራዊ የረግረግ ፖሊሲ አውጥታለች፤ የካምፓላን ፍሳሽ የሚቀበለው የናኪቩቦ ረግረግ ለከተማይቱ የሚሰጠው የማጣራት አገልግሎት በገንዘብ ተገምቶ፣ ሥራውን ሰው ሠራሽ ማጣሪያ ይሥራው ቢባል ከፍተኛ ወጪ እንደሚጠይቅ ታይቷል።

፰. ሊደረግ የሚቻለው

ጨፌን ሁሉ አጥሮ ማንም እንዳይነካው ማድረግ አይቻልም፤ ቢቻልም የሐምሌውን ረሃብ አይመልስም። ጨፌን ሁሉ ማረስም ጥቂት ዓመት አጥግቦ ረጅም ዘመን ያስርባል። መንገዱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ካርታውም በአብዛኛው በገበሬው እጅ ይገኛል።

አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ሸለቆ ራስና የምንጭ ዙሪያ ከእርሻ፣ ከባሕር ዛፍና ከከብት ነፃ መሆን አለበት። ይህ ከሸለቆው ጥቂቱ ክፍል ቢሆንም ውሃውን የሚያኖረው እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ የሚታረሰው ክፍል ቦዩ ጥልቀት እንዳይበዛበት፣ እሸቱ ከተነሣም በኋላ እንዲዘጋ የሚያዝዝ የጋራ ደንብ ያስፈልጋል፤ ይህን ደንብ የሚያስከብረው ከሩቅ የሚላክ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ አባ ለጋ ያለ፣ ሸለቆውን የሚያውቅና በሸለቆው የሚታወቅ ሰው ነው። ሦስተኛ፣ በተዳፋቱ ላይ ያለው የጥላ ዛፍ ለቡናው ብቻ ሳይሆን ለሸለቆውም እንደሚያገለግል ታውቆ እንዲጠበቅ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲቋቋም የፍሳሹ ማረፊያ ከመፈልፈያው መሣሪያ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ ቡናው በውጭ ገበያ የሚያመጣው ዋጋ ይህን ወጪ የሚሸከም መሆን አለበት። አምስተኛ፣ የክረምቱን ወራት የሚያሻግር ሌላ ምግብ፣ ማለትም እንሰትና ሌሎች ሥራ ሥሮች፣ በጓሮ እንዲስፋፋ ማድረግ በሸለቆው ላይ ያለውን ጫና ያቀልላል።

የሙያ ሰዎች ድርሻም ግልጽ ነው። በጅማና በአካባቢዋ የግብርና ትምህርት ረጅም ታሪክ አለው፤ የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ቡናና ስለ በቆሎ የተሠራው ምርምር ሲታይ፣ ስለ ጨፌው ዕፀዋት የተሠራው እጅግ ያንሳል። በየሸለቆው ምን እንደሚበቅል መዝግቦ ማቆየት፣ ከታጠነፈፈ ሸለቆ ውስጥ ምን ያህሉ በስንት ጊዜ እንደሚያገግም መከታተል፣ የአረጋውያኑን ዕውቀት ከእነርሱ ጋር ሳይቀበር መጻፍ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅና ማንኛውም የወረዳ ባለሙያ ሊጀምረው የሚችል ሥራ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

አንድ ሸለቆ ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በበጋ ወር ማለዳ፣ እንስራ የተሸከመች ልጅ ወዴት እንደምትሄድ መመልከት ይበቃል። ጨፌው ባለበት መንደር ከቤቷ ግርጌ ቀድታ ትመለሳለች፤ ጨፌው በጠፋበት መንደር ግን ኮረብታውን ተሻግራ ትሄዳለች፤ ትምህርት ቤቱም ሳትደርስበት ይጀምራል። ቄጠማውንም በበዓል ዋዜማ ከሌላ ወረዳ የመጣ ነጋዴ ይሸጣል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቡና ሲፈላና ቄጠማው ሲጎዘጎዝ፣ ከቡናው ስም ጋር የሣሩም ሸለቆ ስም ይጠየቅ። ጠያቂ ያለው ነገር በቀላሉ አይጠፋም።